የሺህ ብሩ መራጭ

ግንቦት ፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ እሑድ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ ጣራዋ ላይ የድምፅ ማጉያ የታሰረባት አንዲት ፊያት መኪና ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ተነሥታ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግራ መጋላ ገባች። ሙቀቱ አናት የሚበሳ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠግቶ ይሄዳል፤ ነጋዴው የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ አረፍ ብሏል። መኪናዋ በአማርኛ፣ በሱማልኛ፣ በኦሮምኛና በዓረብኛ እያፈራረቀች የምትለፍፈው ነገር ግን የተኛውን ሁሉ ከምንጣፉ አስነሣው። በመጪው ሰኔ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ሲመረጥ፣ ካርድ አውጥቶ ድምፁን የሰጠ ሰው ሁሉ የካርዱ ቁጥር ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ዕጣው የወጣለትም አንድ ሺህ ብር ይሸለማል ነው የምትለው።

አንድ ሺህ ብር በዚያ ዘመን ለአንድ የሃዲድ ሠራተኛ የሁለት ዓመት ደመወዝ ነበረ። ይህን ገንዘብ ያወጣው «የድሬዳዋ የመራጮች ማበረታቻ ማኅበር» የተባለ የነጋዴዎች ስብስብ ሲሆን፣ ሊቀ መንበሩ ቆዳና ቡና ወደ ውጭ የሚልኩት አቶ አለምብርሃን ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት በተደረገው ምርጫ የመጋላ ሰው አብዛኛው ካርድ ሳያወጣ ቀርቶ፣ ከተማይቱ በአዲስ አበባ ሹማምንት ዘንድ አፍራለች፤ መጋላም እንቢ ያለው ጠግቦ ወይም ንቆ ሳይሆን፣ ስምን ለመንግሥት ጸሐፊ መስጠት ለግብር ሰብሳቢ ከመስጠት ተለይቶ ስላልታየው ነው። ይህን ፍርሃት ቀርቦ እንደ መጠየቅ፣ ጌቶቹ በገንዘብ ሊያባብሉት ተነሡ። አቶ አለምብርሃን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም የሚያናድደው ይህ ነው። ለአገር የሚጠቅም ሥራ የሠሩ መስሏቸው ነበር።

መኪናዋ በመጋላ ጠባብ መንገዶች ስታልፍ፣ ፋራህ ዑመር ከቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሰማ። ፋራህ ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው፤ በምድር ባቡር የሃዲድ ጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት መዶሻ ይዟል፤ መዳፉም ከያዘው እጀታ የማይተናነስ ጠንካራ ሆኗል። ሀብቱ ያ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነበር። ድንጋዩን ከደቻቱ ወንዝ በዕረፍት ቀኖቹ በትከሻው እያመላለሰ በአሥራ አንድ ዓመት የሠራው ሲሆን፣ በስሙ ከማዘጋጃ ቤት የተሰጠውን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሚስቱ ዳሃቦ በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፋበት ቁልፉን አንገቷ ላይ ታስረዋለች። ልጃቸው ሃዎ ባሏ ባለፈው ዓመት ስለሞተባት ሦስት ልጆቿን ይዛ እዚያው ቤት ተመልሳለች፤ እንግዲህ በሁለት ክፍል ስድስት ሆነው ያድራሉ፤ ከልጆቹም ሁለቱን ሌሊቱን ሙሉ ያስላቸዋል።

«መኪናዋን ሰማህ አይደል?» አለችው ዳሃቦ፣ ከውስጥ ብቅ ብላ።

«ሰማሁ። ሺህ ብር ነው አቦ!»

«እኔ ስለ ሺህ ብሩ አይደለም የማወራህ። ካርድ፣ ቁጥር፣ ስም ነው የሚሉት። ፋራህ፣ እኛ ስማችን ያለው አንድ ወረቀት ላይ ነው፤ እሱም የቤታችን ነው። ሌላ ወረቀት ላይ ምን ይሠራል?»

«ሰው ሁሉ ሊሄድ ነው። ሃዎን አታያትም? ከልጆቿ ጋር በር ሥር ነው የምትተኛው። ሦስተኛ ክፍል እሠራላታለሁ። ድንጋዩን ደቻቱ በነፃ ይሰጠኛል፤ ቆርቆሮ ግን ደቻቱ አያመጣም።»

«በር ሥር ትተኛ። የራሳችን በር ነው። ወላሂ አትሂድ።»

ፋራህ ሳቀባት። ሚስቱን ይወድ ነበር፤ ግን ወረቀት ሲባል ሁልጊዜ ትፈራለች ብሎ ያስብ ነበር፤ በማግስቱም ከሥራ ሲወጣ ወደ ምዝገባው ሄደ። ሰልፉ ከምዝገባው ጽሕፈት ቤት አልፎ እስከ ገበያው ይደርሳል። መዝጋቢው በላብ ተጠምቆ ቀና ሳይል ይጽፋል፤ የትውልድ ቦታ በሚለው ረድፍ ለሰው ሁሉ ሳይጠይቅ «ድሬዳዋ» እያለ ይሞላል። ማኅበሩ ብዙ መራጭ ይፈልጋል፤ ጸሐፊውም ቶሎ ማለቁን ይፈልጋል፤ ፋራህም ካርዱን ተቀብሎ ሄደ።

የምርጫው ዕለት ግን አንድ ያላሰበው ነገር ደረሰበት። ለሽልማቱ ብሎ ተሰልፎ፣ ወረቀቱን ይዞ መጋረጃው ውስጥ ብቻውን ሲቆም፣ ሽልማቱ ከሐሳቡ ጠፋ። በሕይወቱ ሙሉ ይህን አንሣ፣ ያን ጣል ሲባል የኖረ ሰው ነው፤ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው ሹም አልነበረም። መምረጡንም ረጋ ብሎ አደረገው፤ ድምፁን ለግራዝማች ሣህሉ ሰጠ፤ ግራዝማች መጋላ መጥተው ለሴቶቹ የቦኖ ውሃ አስገባለሁ ብለዋል፤ ለፋራህም እጃቸውን ዘርግተው «ወንድሜ» ብለውታል። ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ጥሎ ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ላብ ነው ብሎ በሽርጡ ጫፍ ጠረገው።

ሰኔ ፳ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ መድረክ ተሠርቶ፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ የሙዚቃ ጓድ ተሰልፎ ዕጣው ሊወጣ ሆነ። ከአቴሊዬው፣ ከባቡሩ መጠገኛ፣ የመጣ በርሜል በውስጡ የካርዶቹን ቁጥር ይዞ በመዘውር ይሽከረከራል። አቶ አለምብርሃን ነጭ ኮት ለብሰው ቆመዋል፤ ከጎናቸው መመረጣቸው ትናንት የተነገረው ግራዝማች ሣህሉ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ አየነው መዝገቡን ዘርግቷል። አየነው ማኅበሩን ከማገልገሉ በፊት ዘጠኝ ዓመት በባቡር ትኬት ቆራጭነት የሠራ፣ አንዲት ሳንቲም የማያጓድል፣ አንድ ፊደል የማይዘል ሰው ነው።

ቁጥሩ ተነበበ፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰባት። ፋራህ ማንበብ ስለማይችል ካርዱን ለጎረቤቱ አሳየው፤ ጎረቤቱም ጮኸና በሁለት እጁ ወደ መድረኩ ገፋው። የሃዲድ ጥገና፣ የአቴሊዬና የማደያው ሠራተኛ ሁሉ፣ ባለዕጣው የራሱ ሰው ስለሆነ፣ ሜዳው በፉጨት ተናወጠ። ዳሃቦ አልመጣችም ነበር፤ ሃዎ ግን ከሴቶቹ መካከል ቆማ እልል አለች።

አየነው ለጋዜጣው የሚላከውን ቅጽ ይሞላ ዘንድ ማይክሮፎኑን ወደ ፋራህ አዘነበለለት። ይህ ጥያቄ ለሌላ ነገር አልነበረም፤ የአሸናፊው ታሪክ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሌላውን ያበረታታል ተብሎ ነው።

«ሙሉ ስምዎን ቢነግሩን?»

«ፋራህ ዑመር ጌሌ።»

«ሥራዎስ?»

«ምድር ባቡር። ሃዲድ ጥገና። ሠላሳ አንድ ዓመት!»

«የተወለዱበት ቦታ?»

ፋራህ ደረቱን ነፋ። «ኪሎሜትር ሰማንያ ሁለት!»

ሜዳው ፈነዳ። ይህን ሳቅ የሃዲድ ሰው ያልሆነ አያውቀውም። በመሥመሩ ዳር ባሉት የጥገና ጎጆዎች የተወለደ ሰው መንደሩ ስም የለውም፤ ያለው ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለት የሃዲድ ልጆች ሲገናኙ «ስንተኛው ነህ?» ይባባላሉ፤ የቁጥር ጎረቤታም ከሆኑ እንደ ሥጋ ዘመድ ይተቃቀፋሉ። ለእነሱ አገር ማለት መሥመሩ ነው፤ ከባሕሩ እስከ አዲስ አበባ አንድ ብረት ነው። «እኔ መቶ ስድሳ!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል። «ሁለት መቶ አርባ አንድ!» አለ ሌላው። ደስታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፋራህ እንዲህ ያለ ደስታ አላየም።

የአየነው ብዕር ግን ቆሞ ነበር። የትኬት ቆራጭ ራስ አንዴ የለመደውን ስሌት አይተውም።

«ኪሎሜትሩ የሚቆጠረው ከጅቡቲ ነው፤ አይደለም?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ከየት ይቆጠራል?» አለ ፋራህ፣ አሁንም እየሳቀ።

«ወሰኑ እኮ ከዘጠና በላይ ነው።»

ይህን ለራሱ እንደማለት ነው ያለው፤ ማይክሮፎኑ ግን ተከፍቶ ስለነበረ ሜዳው ሁሉ ሰማ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። አቶ አለምብርሃን ሺህ ብር ያለበትን ፖስታ ዘርግተው ይዘዋል፤ ፋራህም ጫፉን ነክቶታል።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ።

«ጌታዬ፣ ሰውየው የተወለዱት በፈረንሳይ ግዛት ነው። ሕጉ ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ አይመርጥም ይላል። ያልመረጠ ደግሞ ዕጣ አይገባም።»

«አባቴ የጀልዴሳ ሰው ነው!» አለ ፋራህ። «ጀልዴሳ ይኸው እዚህ ነው፤ በግመል ግማሽ ቀን አይሞላም! ባቡር መጥቶ የግመል ሥራ ሲጠፋ፣ ሃዲድ ሊጠግን ሄደ፤ እናቴን ይዞ ሄደ፤ እዚያ ተወለድኩ። ሥራ ላይ ነው የተወለድኩት እኮ!»

አቶ አለምብርሃን ፖስታውን ቀስ ብለው ሳቡ። ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበረ፤ ሐዘኑ ግን እጃቸውን አላቆመውም። «እስቲ አንተ ለጊዜው ወደዚያ ቁም» አሉት፤ ከአፍታ በፊት «አቶ ፋራህ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» ያሉት ራሳቸው ነበሩ። በርሜሉ ዳግመኛ ተሽከረከረ፤ ዕጣው በከዚራ ለሚኖሩ የአንድ ባንክ ሠራተኛ ባለቤት ወጣ፤ የሙዚቃ ጓዱም መለከቱን ነፋ። ሃዎ አባቷን በክንዱ ይዛ ከሜዳው አወጣችው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሳቅ ሆኖ ይረሳ ነበር። ሕዝብ ፊት የተነገረ ነገር ግን ወደ መዝገብ መሄዱ አይቀርም፤ በሐምሌ መጀመሪያ ፋራህ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተጠራ። በዚያ የነበረው ሹም ወጣትና ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው፤ ከዚያም የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ምድር የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው እንደማይችል፣ ቢገኝም በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲሸጥ ፍትሐ ብሔሩ እንደሚያዝ ነገረው።

«ቤቴን?» አለ ፋራህ።

«ቤትህን። አባትህ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን በማስረጃ ካቀረብክ ሌላ ነገር ነው።»

«በሚስቴ ስም ይሁን።»

«ሚስት ባሏን ትከተላለች።»

ፋራህ ጀልዴሳ ወርዶ አብዲቃድር የተባሉ ሽማግሌ ይዞ መጣ። አብዲቃድር ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከፋራህ አባት ጋር አንድ ጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ፣ በወጣትነታቸው ለሲራራ ነጋዴ ግመል የነዱ ናቸው። ሹሙ ፊት ቆመው በአላህ ስም ማሉ፤ ዑመር ጌሌ የጀልዴሳ ልጅ ነው፤ አባቱንም አያቱንም የቀበሩት እዚያው ነው አሉ።

«መልካም፤ የእርስዎ መታወቂያ?» አላቸው ሹሙ።

«የምን?»

«ኢትዮጵያዊ መሆንዎን የሚያሳይ። የግብር ደረሰኝ፣ የመራጭ ካርድ፣ የሆነ ነገር።»

«እኔ ግመል አርቢ ነኝ ልጄ። ካርድ ያወጣነው የለም። ሰው ሁሉ ያውቀኛል።»

«እንግዲያስ ለእርስዎም ምስክር ያስፈልጋል» አለ ሹሙ፤ ይህንንም ሲል አላፌዘም። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ፤ ደረጃው ላይም ቆመው ለፋራህ «አባትህ ከግመሉ ባይወርድ ኖሮ...» ብለው ሳይጨርሱ ተዉት።

ፋራህ ሌላም ሞከረ። በሚሠራበት ምድር ባቡር ወሰኑን ተሻግሮ ከማዶ ያለውን የፈረንሳይ መንግሥት ጸሐፊ፣ ቢያንስ የእናንተ ሰው ነው የሚል ወረቀት ስጠኝ አለው፤ ያም መጽሐፍ ገልጦ አባትህ ከየት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ጀልዴሳ ቢለው፣ «እንግዲያው አንተ ሐበሻ ነህ» አለው፤ ይህንኑ ጻፍልኝ ቢለው ግን የእኛ ላልሆነ ሰው አንጽፍም ብሎ መጽሐፉን ዘጋ። ከወዲህ ያልታመነው የአባቱ አገር ከወዲያ ያለ ምስክር ታመነ! እኔ ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ሁለት መንግሥት በአንድ ሰው ላይ የተስማማው አይሆንም በማለቱ ብቻ ነው።

በመስከረም፣ ግራዝማች ሣህሉ ወደ ምክር ቤቱ ሊሄዱ ሲሰናዱ፣ ፋራህ ንጹሕ ሽርጥ አሸርጦ ከዚራ ከሚገኘው ቤታቸው ሄደ። በረንዳው ላይ ተቀብለው አስቀመጡት፤ ሎሚ በውሃም አስመጡለት፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ያሳዝናል» አሉ። «ግን እኔ ምን ላደርግልህ እችላለሁ? እኔ የመራጮቼ እንደራሴ ነኝ።»

«እኔም መርጫለሁ ጌታዬ። ድምፄን የሰጠሁት ለእርስዎ ነው።»

ግራዝማች ከወንበራቸው ተነሡ። «ይህችን ቃል ከእንግዲህ ለማንም እንዳትናገር! የውጭ አገር ሰው መረጠው ከተባለ፣ የተሸነፈው ሰው ምርጫው ይፍረስ ብሎ ይከሰኛል።»

«እንግዲያው ከሳጥኑ ያውጡልኝ። ቤቴን ከሚወስዱብኝ ድምፄን ይመልሱልኝ፤ አልመረጠም ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ሁሉም ይቅር።»

«አይወጣም። ድምፅ ምሥጢር ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንዴ ከገባ ገባ ነው።»

ፋራህ የሎሚውን ብርጭቆ ከፊቱ ገፋ አደረገ። ድምፁ የማንም ሊሆን እንደሚችል፣ ቤቱ ግን የእሱ መሆኑ በደንብ እንደሚታወቅ ያን ጊዜ ገባው። የቀረበለትን ሳይጠጣ ተነሣ፤ ግራዝማችም እስከ አጥሩ በር ሸኙት፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉለትም።

ሽያጩ በጨረታ እንዲሆን ታዘዘ፤ በጎረቤት ስም አዛውሮ መደበቅ የተለመደ ዘዴ ስለነበረ ሹሙ አስቀድሞ ዘግቶታል። በጥር ወር ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ማለዳ፣ የመጋላ ሰው በቤቱ ደጅ ተሰበሰበ፤ ግን ዋጋ የሚጠራ ጠፋ። የሚችለው አፈረ፤ የማያፍረው ደግሞ አልቻለም። በመጨረሻ አቶ አለምብርሃን በመኪና መጥተው አራት መቶ ብር ጠሩ፤ የቆዳ መጋዘን ይሆነኛል አሉ። «እኔ ባልገዛው ማን ይገዛዋል? ላግዝህ ብዬ ነው» አሉት ፋራህን፤ ከልባቸው ነበር ያሉት። ሰውዬው እስከ ዕለተ ሞታቸው ለዚያ ቤተሰብ ውለታ የዋሉ ይመስላቸው ነበር።

ዳሃቦ የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፍታ ወረቀቱን ለሹሙ በእጇ ሰጠች። ሰው ሁሉ ፋራህን ትጮህበታለች፣ ነግሬህ ነበር ትለዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ምንጣፉን ጠቅልላ ሲወጡ፣ ዓይኑን ሳታይ «አልናገርህም ፋራህ፤ ከጀመርኩ አላቆምም» አለችው። ሃዎ ልጆቿን ይዛ ለባሏ ዘመዶች ገረድ ልትሆን በመሥመሩ ላይ ወዳለችው አይሻ ሄደች፤ ሁለተኛው ልጅ በዚያው ዓመት ክረምት በሳል ሞተ። ፋራህና ዳሃቦም ከከተማው ወጣ ብሎ በመሥመሩ ዳር ወዳለ የጥገና ጎጆ ገቡ። የፋራህ ሥራ አልተነካም፤ ሃዲድ የሚጠግን እጅ ከየትም ቢመጣ ይፈለጋል፤ ብቻ በየዓመቱ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን ያሳድሳል፤ በፈቃዱ ላይ አገሩ በተጠየቀበት ቦታ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ጊዜ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ መንገድ ላይ ከአየነው ጋር ተገናኙ፤ አየነው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እኔ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት» አለው። ፋራህም «ልክ ጽፈሃል» ብሎት አለፈ፤ ይህን ያለው ይቅር ብሎት ይሁን ንቆት አየነው እስኪሞት አላወቀም። በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ፋራህ ከመዶሻው ጋር ወድቆ ሞተ፤ የተቀበረው ጀልዴሳ ነው፤ መቃብሩን ሲቆፍሩ ማንም ወረቀት አልጠየቀም።

ማኅበሩ በምርጫው ዓመት ባወጣው ዘገባ፣ የድሬዳዋ መራጭ ቁጥር ካለፈው ሦስት እጥፍ መጨመሩን፣ የገንዘብ ሽልማትም ሕዝቡን ለመብቱ ማንቃቱን ጽፎ፣ ዘዴው ለሌሎች ከተሞች እንዲዳረስ አሳስቧል፤ አቶ አለምብርሃንም ኒሻን ተሸልመዋል። ፎቶግራፋቸው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ከጎናቸው የባንክ ሠራተኛው ባለቤት ፖስታውን ይዘው ፈገግ ብለዋል። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎችም ያንን ዘገባ እየጠቀሱ የዘመኑን የሕዝብ ንቃት ያመሰግናሉ፤ በደሉን የሚያወሱ ቢኖሩ የተሾሙትንና የተሻሩትን እንጂ የሃዲድ ጠጋኝን ቤት አይቆጥሩም። የታሪክ መዝገብ የያዘው ድምር ነው፤ ድምር ደግሞ ከየት እንደተዋጣ አይጠይቅም።

ግራዝማች ሣህሉ የተመረጡት በአራት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ድምፅ ነው። ቁጥሩ በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም ተመትቶበት ይገኛል፤ ማንም አንድ አልቀነሰበትም። ፋራህ ዑመር የባዕድ አገር ሰው ተብሎ ከቤቱ ወጣ፤ ድምፁ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ እስከ ዛሬ ኢትዮጵያዊ ነው።